ፉርኖ ስንዴ አይደለም

ዲላ፣ ኅዳር 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

የለም እትዬ ጥሩ፣ አልሰደብኳቸውም! «ኬክዎን ራስዎ ይብሉት» ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ስድብ የሆነው? ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ። እማዬ ናት። እማዬ ደግሞ ፊደል ስለማታውቅ ጎረቤታችንን መሪጌታ ሠረቀብርሃንን ነው ያስጻፈችው፣ እሳቸው ደግሞ የሰፈር ወሬ ሲጽፉም ገድል ያስመስሉታል። «ታናሽሽ አፏን እንደ ዘንዶ ከፍታ» ብለው ይሆናል። እንደ ዘንዶ አልከፈትኩም። በልኩ ነው የከፈትኩት።

የሆነው ይኸውልሽ። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይዘሮ ይመኙሻል ሁለት ሴት አስከትለው መጡ። የፈለቀ እናት ናቸው፣ አማትሽ ሊሆኑ ነው ብዬ ብድግ ብዬ ጉልበት ስሜ ወንበር አቀረብኩ። ጨዋ ነበርኩ! ከዚያ የኬኩን ነገር አነሱ። ከአዲስ አበባ ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ እናስመጣለን አሉ። እሺ። ሙሽሮቹ በሰው መሃል ቆርሰው ይጎራረሳሉ አሉ። እሱም እሺ። እማዬ ቀስ ብላ «ልጄን ስንዴ ያማታል፣ ሐኪም ከልክሏታል» ስትላቸው ግን ሴትዮዋ ጣታቸውን አወጡና መቁጠር ጀመሩ።

«ነሐሴ፣ የቀለበቱ ለት ኬክ ቀምሳ አስመለሳት። መስከረም፣ ለመስቀል መጥታ አስመለሳት። ጥቅምት… ኅዳር…»

«ምንድነው የሚቆጥሩት?» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ አይገባሽም።»

«እስከ ዘጠኝ መቁጠርማ እችላለሁ» አልኳቸው። እማዬ ጎኔን ቆነጠጠችኝ። እስካሁን ጠቁሯል።

ሴትዮዋ ምን እንዳሉ ቃል በቃል ልንገርሽ። «ስንዴ የሚባል በሽታ ሰምቼ አላውቅም። የሠርጉ ለት በሰው ፊት ከልጄ እጅ ኬኩን ጎርሳ ደህና ካመሸች፣ ልጄ ናት። ካስመለሳት ሰው የሚለውን ይላል፣ እኔም አልከላከልላትም። አልበላም ካለችም ያው ነው፣ የምትደብቀው አላት ማለት ነው።» ይሄኔ ነው ራስዎ ይብሉት ያልኩት። አንቺስ ብትሆኚ ምን ትያቸው ነበር?

ይቅርታ ጠይቂ ብለሻል፣ እጠይቃለሁ። ግን ባዶ እጄን አልሄድም። ስንዴ የሌለበት ኬክ ይዤ ነው የምሄደው። እሳቸው ፊት ትጎርሻለሽ፣ ትጨፍሪያለሽ፣ እሳቸውም ጣታቸውን ይሰበስባሉ። ሠርጉ ጥር 14 ነው፣ ገና ሰባት ሳምንት አለኝ። ትምህርት ቤት የለብኝ፣ ጊዜ ሞልቶኛል። (ስለ ትምህርቱ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው ነው፣ ድጋሚ አትጠይቂኝ።) ሐኪሙ የከለከለሽን አንድም ሳታስቀሪ ጽፈሽ ላኪልኝ።

ለካስ ሰላም አላልኩሽም! እንዴት ነሽ?

አትጠገብ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 28 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአትጠገብ

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መሥሪያ ቤት ሥራ በዝቶብኝ ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ በታይፕ ስመታ ውዬ ማታ ለራሴ ሰው መጻፍ ያቅተኛል።

የጠየቅሽኝ ይኸውና። ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ አይሆንም። ስለዚህ ዳቦም በሶም አይሆንም። ጠላም አይሆንም፣ ብቅሉ ገብስ ነው። ጤፍ፣ በቆሎና ቆጮ ምንም አይሉኝም። ሐኪሙ ቅንጣት እንኳ እንዳትነካሽ ብሎኛል። በአንድ ወንፊት ከተነፋ፣ በአንድ ቢላ ከተቆረጠ በቂዬ ነው። ከነካኝ አራት ሰዓት አይሞላም፣ ይጀምረኛል።

ፒያሳ ሦስት ኬክ ቤት ገብቼ ጠይቄያለሁ። አንደኛው «ስንዴ የሌለው ኬክ ማለት ሥጋ የሌለው ክትፎ ማለት ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ሁለቱ አልሳቁም፣ ግን አንሠራም አሉኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ለመስቀል እቤት ስመጣ ስንዴ የሚባል አልነካሁም፣ እማዬም ተጠንቅቃልኝ ነበር። ታዲያ ለምን አመመኝ? አንዳንዴ ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል፣ ሌላ የከፋ ነገር ይዞኝ ይሆናል እላለሁ። ስለዚህ ብዙ አትድከሚ። የሠርጉ ለት አንዲት ቁራሽ እውጥና እንግዳው እስኪሄድ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ። ለምጄዋለሁ።

እናቱ የስንዴውን ነገር ስላላመኑ አይነግሩትም፣ አንቺም ለፈለቀ የሕመሜን ነገር እንዳትነግሪው። ምክንያቱን አትጠይቂኝ።

እህትሽ ጥሩብርሃን

ዲላ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1964 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩ፣ ሐኪሙ አልተሳሳተም። ቁጭ በይና አንብቢው። ሌላ የከፋ ነገር አልያዘሽም።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ጋሽ ገብረኪዳን ዳቦ ቤት ሄድኩ። በከተማው ኬክ የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ከጣሊያን ነው የተማሩት። ስንዴ የሌለበት ኬክ ይሠሩልኛል ወይ ስላቸው «ለዚህ ነው የተጨነቅሽው? ኬክ ውስጥማ ድሮስ ስንዴ የለም!» አሉኝ። ምለው ነገሩኝ። በደስታ ልሞት! ግን ታውቂኛለሽ፣ ያላየሁትን አላምንም። ሲሠሩ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። እንቁላሉን መቱ፣ ስኳሩን ጨመሩ፣ ከዚያ ከጆንያ ነጭ ዱቄት በጣሳ ዘገኑ።

«ጋሽ ገብረኪዳን፣ ይሄ ምንድነው?»

«ፉርኖ ነዋ!»

«ፉርኖ ስንዴ አይደለም እንዴ?»

«ወይ አንቺ ልጅ! ከትምህርት ቤት ያባረሩሽ ወደው አይደለም። ስንዴ ገበሬ የሚዘራው ነው፣ ቀይ ነገር። ፉርኖ ፋብሪካ የሚሠራው ነው።»

«አላባረሩኝም፣ ራሴ ነኝ የተውኩት። ፋብሪካውስ ከምንድነው የሚሠራው?»

«ከ…» አሉና ጣሳው እጃቸው ላይ ቀረ። «ከነጭ ነገር ነው።»

«ከጥጥ ነው? ከጨው ነው?»

«ውጪልኝ ከዳቦ ቤቴ!»

ወጣሁ። ግን አልተናደድኩባቸውም፣ ማለቴ ብዙ አልተናደድኩም፣ ምክንያቱም ሰፈሩን ዞሬ አሥራ አንድ ሰው ጠይቄ ዘጠኙ ያንኑ አለኝ። «ፉርኖ ስንዴ አይደለም፣ ፉርኖ ነው።» አንዷ ከውጭ አገር በመርከብ የሚመጣ ነው አለችኝ። መሪጌታ ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡና «ስሙና ግብሩ ይለያያል፣ ባሕርዩ ግን አንድ ነው» አሉኝ። ስንዴ ነው ማለታቸው ነው።

ከዚያ እቤት ገብቼ እማዬን ጠየቅኳት። «ፉርኖማ ፉርኖ ነው» አለችኝ። ስንዴ መሆኑን ስነግራት አላመነችኝም። መሪጌታን ጠርቼ እሳቸው ሲነግሯት በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ «አልጫው» አለች። «ለመስቀል የሠራሁላት አልጫ። እንዲወፍርልኝ ብዬ ፉርኖ ነስንሼበት ነበር። በእጄ!» ደረቷን መታች። እንዳልነግርሽ ለምናኛለች። እኔ ግን አንቺ እዚያ ብቻሽን ሌላ በሽታ እያሰብሽ ከምትከርሚ እማዬ ብታለቅስ ይሻላል ብዬ ነው የጻፍኩት። ስትጽፊላት አታንሺባት።

አሁን ዋናው። ከወናጎ ቆጮ የሚያመጡልንን እትዬ ጸሐይን ታስታውሻለሽ፣ የጴጥሮስን ሚስት። እማዬ ስታለቅስ ደረሱና ነገሩን ሰሙ። «እንዲህ ከሆነ ቡላ ለምን አትሠራም?» አሉኝ። አማርኛ ዘግይተው ስለለመዱ እኔን «አንተ» ነው የሚሉኝ፣ ተመችቶኛል። «ቡላ ከእንሰት የሚጨመቅ ነው፣ ነጭ ነው፣ ወፍጮ ቤት አይሄድም። ስንዴ አያውቀውም። እህትህ ይበላል፣ አይታመምም።» ወፍጮ ቤት አይሄድም! ገባሽ? ከስንዴ ጋር የሚገናኝበት በር የለውም።

ነገ ወናጎ ነኝ።

አትጠገብ

ቴሌግራም፣ ከአዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 14

ኬኩ ይቅር። ሠርጉም ሳይቀር አይቀርም። አትጠይቂኝ። ጥሩብርሃን።

ዲላ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1964 ዓ.ም.

እሺ፣ አንቺን አልጠየቅኩም። ፈለቀን ጠየቅኩት።

ቆይ፣ ወረቀቱን አትቅደጂ! ለፈለቀ አትንገሪ ብለሻል፣ እኔ ግን እሺ አላልኩም፣ ደብዳቤዬን መልሰሽ አንብቢው። ቴሌግራምሽ ሲደርስ ነገሩን ለእማዬ እንኳ አላነበብኩላትም። «እንዴት ናት?» ስትለኝ «ኬኩን በጣም ናፍቃለች» አልኳት። ከዚያ ፈለቀ መጻፍ አቁሞብሽ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ፣ ቡና ግዥ ዱመርሶ ወርዷል ሲሉኝም የጭነት መኪና ላይ ወጥቼ ሄድኩ። ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ አቧራ ቅሜ! ሚዛኑ ጋ ቆሞ አገኘሁት።

«ጋሼ ፈለቀ፣ ለእህቴ ከጻፍክላት ስንት ጊዜህ ነው?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «አምስት ሳምንት» አለ። ለካስ ይቆጥር ነበር።

«ለምን?»

«ምን ብዬ ልጻፍ? እናቴ የምትለውን ሰምተሻል።»

«እናትህ የሚሉትንማ ሰማሁ። አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ… ልጠይቃት ፈለግኩ። እንዴት ብሎ ሰው ይጠይቃል? አፈርኩ።»

«ስለዚህ አፍረህ አምስት ሳምንት ፈረድክባት! እሷ ደግሞ ሕመምተኛ ናት ብለህ እንዳትተዋት ፈርታ ደበቀችህ። አንዱ አፋር፣ አንዱ ፈሪ፣ ጥሩ ትዳር ነው!» እንዲህ ነው ያልኩት፣ ተቆጪኝ ከፈለግሽ። ከዚያ ከቀለበቱ ጀምሬ እስከ አልጫው ነገርኩት። ሲሰማኝ ቆይቶ የቡና ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

«በስንዴ ነው?» አለ። «ይሄ ሁሉ በስንዴ ነው?»

«በፉርኖ ነው።»

«ፉርኖ ስንዴ ነው እንዴ?»

እትዬ፣ ሚዛኑን ላነሳበት ነበር! ግን ሳቀ። ሳቀ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱን አዞረ፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚታየኝ። ሠራተኞቹ እያዩት ነበር፣ ግድም አልሰጠው። እዚያው ጆንያ ላይ ጻፈልሽ፣ ከዚህ ጋር ታሽጓል። አላነበብኩትም። እሺ፣ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ።

የኬኩን ነገር ደግሞ አልተውኩትም። የመጀመሪያው ገንፎ ሆነ። ሁለተኛው እንደ ጎማ ተለጠጠ። ሦስተኛው ከላይ አምሮ ከውስጥ ኮመጠጠ። እኔና እማዬ ጾም ላይ ስለሆንን እንቁላል ያለበት ነገር መቅመስ አንችልም፣ እማዬም «በጾም ቤቴ እንቁላል አይሰበርም» ስላለች ሥራው ሁሉ ወናጎ እትዬ ጸሐይ ቤት ነው። እሳቸው ሚሲዮን ናቸው፣ አይጾሙም፣ ስለዚህ የሚቀምሱትም እሳቸው ናቸው። ይቀምሱና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እኔ ደግሞ ከፊታቸው ላይ አነባለሁ። ትናንት «ይሄ ለጠላት ነው» አሉኝ። ጴጥሮስ ግን ሦስቱንም ጨርሶ በልቷል፣ እሱ ምንም ይበላል።

ጋሽ ገብረኪዳን ታርቀውኝ የኬክ ቅርጽ ላበድርሽ ብለው ነበር። እንዳይጣበቅ ፉርኖ ሲነሰንሱበት አይቻለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተውኩት። በእትዬ ጸሐይ አዲስ ድስት ነው የምጋግረው፣ ከሥርም ከክዳኑም ላይ ፍም አድርጌ። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የኬክ ማስነሻ ዱቄትም ተውኩት፣ ምን እንዳለበት ቆርቆሮው አይናገርም።

ሠርጉ ይቀራል? አይቀርም! የፈለቀን ደብዳቤ አንብቢና ከዚያ እናውራ።

አትጠገብ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1964 ዓ.ም.

አትጠገቤ

የፈለቀ ደብዳቤ ደርሶኛል። ምን እንዳለኝ አልነግርሽም፣ የመጀመሪያውን መስመር ታውቂዋለሽ።

ልቆጣሽ ወረቀት አወጣሁ። «ያልተፈቀደልሽን» ብዬ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ስለዚህ ቁጣውን ተውኩት። ሠርጉ ይሁን። ለእማዬ ጽፌያለሁ፣ አልጫዋን በጣም እንደናፈቅኩ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ግን እህቴ፣ ፈርቻለሁ። ከዚህ በፊት እውጠዋለሁ ያልኩት የማጣው ነገር ያለ ስላልመሰለኝ ነበር። አሁን አለኝ። ወንፊቱስ የማን ነው? ስኳሩን የት ወቀጥሽው? እጅሽንስ ትታጠቢያለሽ?

ጥሩብርሃን

ዲላ፣ ጥር 7 ቀን 1964 ዓ.ም.

አዎ፣ ታጥቤያለሁ! እስከ ክርኔ! ወንፊቱ አዲስ ነው፣ ራሴ ገዝቼ በኮቴ ጠቅልዬ ነው ወናጎ ያደረስኩት። ስኳሩን ሙቀጫ ውስጥ አልወቀጥኩትም፣ ሙቀጫው በሶ ያውቃል። በጠርሙስ ዳምጬ ነው ያላምኩት። ሌላስ?

ጨረስኩት እትዬ ጥሩ። ስምንተኛው ሆነ! ምስጢሩ ውሃው ነበር። እትዬ ጸሐይ ቡላውን በውሃ በጥብጠው ያዘቅጡታል፣ ከላይ ያለውን ይደፉና እንደገና። አምስት ጊዜ ስንደፋው ኩምጠቱ ሄደ። ፀሐይ ላይ አድርቀን ስንነፋው ዱቄቱ በጣት መሃል ይንሸራተታል። የእንቁላሉን ነጭ ለብቻው ክንዴ እስኪዝል መታሁት፣ የሎሚ ልጣጭ ፈቀፈቅኩበት። ክዳኑን ስከፍተው ተነፍቶ ነበር! እትዬ ጸሐይ ቀምሰው ዓይናቸውን አልጨፈኑም። «ይሄ ለሰው ነው» አሉ። ገና አልፎ ጾም ስለተፈታ እኔም ቀመስኩት። ለጴጥሮስ ደግሞ አልተረፈለትም።

ከዚያ በአዲስ ቆርቆሮ ከትቼ ይዤው ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ወይዘሮ ይመኙሻል ሳሎን ነበሩ፣ ፈለቀም አለ። ጉልበት ስሜ «አፌ ቀድሞኝ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ይሄስ ምንድነው?» አሉኝ ቆርቆሮውን እያዩ። ነገርኳቸው።

«ቡላ!» አሉ ደረታቸውን ይዘው። «በልጄ ሠርግ! ለአራስ የሚሰጥ ነገር ለሙሽራ ልታበሉ! ሰው ምን ይላል? እኔ በልቤ የፈራሁትን እናንተ በሳህን ታቀርባላችሁ!»

«እትዬ፣ ለአራስ የማይከብድ ለሙሽራ ይከብዳል?» አልኳቸው። በልኩ ነው የተናገርኩት፣ እውነቴን ነው።

ፈለቀ ብድግ አለና ቁራሽ አንስቶ በላ። «እማማ፣ እኔ የሠርጌ ለት የምቆርሰው ይሄን ነው። ያኛውን ብታመጪ እንግዳው ይብላው፣ እኔና ጥሩ አንነካውም» አላቸው። ሴትዮዋ ልጃቸውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ትንሽ ቆንጥረው አፋቸው ላይ አደረጉ። አኘኩ። ደግመው ቆነጠሩ። ሁለተኛውን ማንም አልለመናቸውም፣ ጻፊልኝ።

ግን ሞኝ አይደሉም። «መልካም፣ ይጣፍጣል» አሉ። «መጣፈጡ አይደለም የእኔ ነገር። ልጅቷ ከሠርጉ በፊት ትብላው። ደህና ከሆነች በራሷ አፍ፣ በስልክ፣ ለእኔ ትንገረኝ። ያኔ ሕመሟ ስንዴ ነው ብዬ እቀበላለሁ፣ ሌላ ነገር የሚል ሰው ቢኖር መጀመሪያ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው። ካልሆነ ግን ረቡዕ ጠዋት የአዲስ አበባውን ኬክ አዛለሁ፣ ጎረሰች አልጎረሰች ሰው ይፍረድ።» ጨካኝ ናቸው፣ ግን ቃላቸውን አያጥፉም፣ ይሄን ሁሉም ሰው ይመሰክርላቸዋል። ተስማማሁ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የያዘው ሾፌሩ ተሻለ ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ከዚያው ከስምንተኛው ነው። መንገድ ላይ ከቆርቆሮው አጠገብ ዳቦ እንዳይበላ አስምዬዋለሁ፣ እስከ ሻሸመኔ ተርቤ ልሂድ ወይ እያለ ነው። ሰኞ ማታ ይደርስሻል። ሰኞ አትንኪው። ማክሰኞ ጠዋት በባዶ ሆድሽ፣ በራስሽ ቢላ፣ ሙሉውን ብዪ። አንዲት ቁራሽ አይደለም፣ ሙሉውን! ከዚያ እስከ ስምንት ሰዓት ሌላ ነገር አትቅመሺ።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። እንዳትዋሺኝ። አውቅሻለሁ፣ እኔ ስምንት ጊዜ ስለለፋሁ፣ እማዬ ስላለቀሰች፣ ፈለቀ ስላፈጠጠ ብለሽ ሆድሽን ይዘሽ «ደህና ነኝ» ትያለሽ። ይሄ ኬክ ካሳመመሽ እሑድ በሰው ፊትም ያሳምምሻል። ካሳመመሽ ንገሪኝ፣ እስከ ቅዳሜ ዘጠነኛውን እሠራለሁ፣ አሥረኛውንም እሠራለሁ፣ እትዬ ጸሐይ ጓሮ እንሰት አላለቀም። ወይዘሮ ይመኙሻልን ደግሞ ረቡዕ በራቸው ላይ ተኝቼም ቢሆን አስቆማቸዋለሁ። የማልችለው ያልነገርሽኝን ብቻ ነው።

ስልክ ቤቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ስልከኛው ደጀኔ ቁልፉን ይዞ አንድ ደቂቃ አይጠብቅም። እኔ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ነኝ፣ በቀኜ ወይዘሮ ይመኙሻል፣ በግራዬ ፈለቀ። መነጋገሪያውን መጀመሪያ የማነሳው እኔ ነኝ፣ እውነቱን ለእኔ ንገሪኝ፣ ከዚያ ለእሳቸው አቀብላቸዋለሁ። ከመሥሪያ ቤትሽ ሁኚ፣ ከጎረቤት ሁኚ፣ ከፈለግሽ ከንጉሡ ግቢ ሁኚ፣ ግድ የለኝም፣ ማክሰኞ ሳይመሽ ደውዪ!

አትጠገብ